ማሰናከያና ሐሜት በአውሮፓ ቋንቋዎች

ቃል ከአፍ ወደ አፍ፣ ከሀገር ወደ ሀገር ሲተላለፍ ድምፁ ሳይጠፋ ፍቺው ይለወጣል። መጽሐፍ የሚተረጕምና ሕዝብ የሚያስተምር ሰው ይህን ካልመረመረ፣ ከቃሉ ጋር ትምህርቱም ይለወጥበታል። ስለዚህ ከአውሮፓ ቋንቋዎች «ስካንዳል» የሚለውንና ሐሜትን የሚያመለክቱትን ቃላት ከሥራቸው ጀምረን እንመለከታለን።

ስካንዳል ጥንቱ ከጽርእ የመጣ ነው። «ስካንዳሎን» በወጥመድ ውስጥ መብሉ የሚንጠለጠልበት፣ አውሬው ሲነካው ወጥመዱን የሚያስፈነጥር ዘንግ ነው። ሰባው ሊቃናት ኦሪትን ወደ ጽርእ ሲመልሱ፣ በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን በሚከለክለው ትእዛዝ (ዘሌ. 19፥14) ይህን ቃል አግብተውታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጌታችን ከታናናሾች አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው በተናገረበትም ስፍራ የጽርኡ ንባብ ይኸው ነው። በግእዝ ዕቅፍት፣ በአማርኛ እንቅፋትና ማሰናከያ የምንለው ከዚህ ፍቺ ጋር ይስማማል። እንግዲህ ስካንዳል በጥንቱ ፍቺ ወሬ አይደለም፤ ባልንጀራን የሚጥል ሥራ ነው እንጂ።

ሮማይስጥ ቃሉን ከጽርእ ተቀብሎ «ስካንዳሉም» አለው። ከዚህ ፈረንሳይኛ «ስካንዳል»ንና «ኤስክላንድር»ን አወጣ፤ እንግሊዝኛም በፈረንሳይኛ በኩል «ስካንዳል»ንና «ስላንደር»ን አገኘ። ስላንደር ማለት ስም ማጥፋት ነው። የሚጥለው ሥራና ስም የሚያጠፋው ወሬ ከአንድ ሥር በቀሉ ማለት ነው። ዛሬም በጋዜጦች ስካንዳል ሲባል አንባቢው አስቀድሞ የሚያስበው የወደቀውን ታናሽ ሳይሆን የተሰማውን ነውርና የተነሣውን ጩኸት ነው። በጀርመንኛም እንዲሁ ሆነ። ሉተር በ1522 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው ሐዲስ ኪዳን ቃሉን «ኤርገርኒስ» ብሎ ተርጕሞታል፤ ሥሩ ክፉ ማለት ነውና ሰውን ማክፋት፣ ማበላሸት ማለት ነበር። ዛሬ ግን በተለመደው ንግግር ቅር የሚያሰኝ፣ የሚያናድድ ነገር ማለት ሆኗል።

የሐሜት ቃላትም ታሪክ ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል። እንግሊዞች ሐሜትን «ጎሲፕ» ይሉታል፤ ጥንቱ «ጎድሲብ» ነበር፤ ይኸውም በእግዚአብሔር የሆነ ዘመድ፣ ማለት የክርስትና አባት ወይም እናት ነው። በኋላ ለቅርብ ወዳጅ፣ ይልቁንም በወሊድ ጊዜ ለሚሰበሰቡ ሴቶች ተነገረ፤ ከዚያም ወሬ ለሚያበዛ ሰው፣ በመጨረሻም ለወሬው ራሱ ስም ሆነ። ፈረንሳዮችም «ኮሜር» የሚሉት ከቤተ ክርስቲያን ሮማይስጥ «ኮማቴር»፣ ከእናት ጋር እናት የምትሆን፣ ከሚለው የወጣ ነው፤ ዛሬ «ኮሜራዥ» ማለት ሐሜት ነው። በመስኮብኛም «ኩማ» የክርስትና እናት ስትሆን፣ «ኩሙሽካ» ወሬኛይቱ ትባላለች። እኛ በአማርኛ አበልጅ የምንለው የከበረ ዝምድና በእነዚህ ሦስት ቋንቋዎች እስከ ሐሜት ወርዷል።

ሌሎቹ ቃላት የሐሜትን ጠባይ ይገልጣሉ። የጀርመኖች «ክላትሽ» እንደ ጭብጨባ ያለ ድምፅን የሚያስመስል ነው። የመስኮቦች «ስፕሌትንያ» ግን ከመጐንጐን የወጣ ነው፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ የራሱን ክር ይጨምርበታልና። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የጽርኡ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሴቶች ሐሜተኞች እንዳይሆኑ ሲያዝ (1ጢሞ. 3፥11፤ ቲቶ 2፥3) የጻፈው ቃል የዲያብሎስ ስም ነው፤ «ዲያቦሎስ» ማለት ከሳሽ፣ ስም አጥፊ ማለት ነውና።

ካህናትና ምእመናን ሆይ፣ ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፣ ስካንዳልን ወሬ ብቻ አድርጎ የሚተረጕም ሰው በደልን መሸሸግ ጽድቅ ይመስለዋል። በመንጋው ላይ የተሾመ ሰው ታናሹ ሲበደል አይቶ «ማሰናከያ እንዳይሆን ዝም እንበል» ቢል፣ ማሰናከያው በሥራው ጊዜ እንደ ደረሰ አላስተዋለም። ወሬውን ሸፈነ እንጂ ወጥመዱን አላነሣም፤ ወጥመዱም ለሌላ ታናሽ እንደ ተዘረጋ ይኖራል። ሁለተኛው፣ ሐሜተኛ «የተናገርሁት እውነት ነው» እያለ ራሱን ያጸድቃል። ስም ማጥፋት በሐሰት ሲሆን፣ ሐሜት ግን በእውነትም ይሆናል፤ የሚታማው ሰው በሌለበት፣ ሊያቀናው በማይሻ ልብ ይነገራልና።

መድኃኒቱም በዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ይገኛል። የበደለህን ወንድም አስቀድመህ ብቻውን ምከረው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፤ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። ይህ ሥርዓት መሸሸግም አይደለም፣ ማማትም አይደለም፤ ነገሩን ሊያቀና ወደሚችል ጆሮ ማድረስ ነው። ታናሹ የተጐዳ እንደ ሆነ ደግሞ ጠባቂው አስቀድሞ እርሱን ከወጥመዱ ያውጣ።

እንግዲህ የምንተረጕም ሁሉ የጋዜጣውን ስካንዳል ቅሌት ወይም ነውር ብንለው ይስማማል፤ የወንጌሉን ግን ማሰናከያ ከማለት አንራቅ። አበልጅ የሚለው ስማችንም እስከ ዛሬ በክብሩ አለ፤ በእኛ አፍ እንዳይዋረድ፣ ሕፃኑን ከጥምቀት ያነሣን ሁሉ ያንን ሕፃን ከእንቅፋት እንጠብቀው። ለዚህም እግዚአብሔር አንደበታችንን ይጠብቅልን፤ አሜን።