አሮጌውን ኮምፒዩተር ከመጣላችሁ በፊት፦ ሊኑክስ ለጀማሪዎች

በካምፓችን ካሉት ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ በእርዳታ የመጡ አሮጌዎች ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥገና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም። ስለዚህ «ይህን ዕቃ እንጣለው ወይስ ሌላ መላ አለው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። መላ አለው፤ ሊኑክስ ይባላል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣና ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ዲስኩንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ አንዱ ነው። የሊኑክስን ዋና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ፣ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ፊንላንዳዊ ወጣት ነው። የፕሮግራሙን ምንጭ ማንም እንዲያየው፣ እንዲያስተካክለውና ለሌላው እንዲያድለው ፈቀደ። በቋንቋችን «ነጻ» የሚለው ቃል ያለ ክፍያ የሚሰጠውንም በሰው ቀንበር ሥር ያልሆነውንም ይገልጻል። ሊኑክስ በሁለቱም ነጻ ነው። ገልብጣችሁ ለጎረቤት ብትሰጡ ሌብነት አይደለም።

ሊኑክስ በብዙ ዓይነት ተዘጋጅቶ ይታደላል። በጣም ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱ ነው። ስሙ ከደቡባዊ አፍሪካ የንጉኒ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ለሌላው ሰብአዊነትን ማሳየት ማለት ነው። እኔ ግን ለጀማሪ የምመርጠው በኡቡንቱ ላይ የተሠራውን ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር እንደ ቀድሞው ዊንዶውስ በግራ ታችኛው ጥግ ይገኛል። ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለው ዓይነት በ2 ጊጋባይት ሚሞሪ ይሠራል፤ 4 ቢሆን ይሻላል። ሊብሬ ኦፊስና ፋየርፎክስ አብረውት ስለሚመጡ፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል።

አስቸጋሪ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ? ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ከዊንዶውስ የበለጠ አይከብደውም። የሚቸገረው ዊንዶውስን የለመደው ነው። ሲ ድራይቭን ይፈልጋል፤ በሊኑክስ የለም፣ የእናንተ ፋይሎች ሁሉ «ሆም» በሚባል ፎልደር ውስጥ ናቸው። ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ይከፍታል፤ አይከፈትለትም፣ ምክንያቱም ሊኑክስ ፕሮግራሞቹን የሚወስደው ከራሱ ማከማቻ ነው። (በፍላሽ የሚዛመቱት የዊንዶውስ ቫይረሶችም በዚሁ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አይሠሩበትም፤ ይህ ለካምፕ ሰው ቀላል ጥቅም አይደለም።) የእንግሊዝኛ ትልቁና ትንሹ ፊደል በፋይል ስም ላይ እንደ ተለያየ ይቆጠራል። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር መስኮት የይለፍ ቃል ስትጽፉ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ብዙ ተማሪ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ጽፋችሁ ጨርሱና ኤንተርን ምቱ። ለቢሮ የሚላክ ደብዳቤ በሊብሬ ኦፊስ ስታስቀምጡ የወርድን ዓይነት ምረጡ፤ አለዚያ ተቀባዩ መክፈት ሊያቅተው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሊኑክስን ሳትጭኑ መሞከር ይቻላል። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል (ፍላሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ይሁን)። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ኤፍ 12ን ወይም ኤፍ 2ን ወይም ኢስኬፕን በመምታት ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል፤ የትኛው እንደሚሠራ እንደ ማሽኑ ይለያያል። ከፍላሽ ሲሠራ ይዘገያል፤ ነገር ግን እናንተ ካላዘዛችሁት ዲስኩን አይነካም። ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ ፕሪንተሩን በዚህ ጊዜ ፈትሹ።

ለመጫን ስትወስኑ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» ወይም «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚል ምርጫ በእንግሊዝኛ ይቀርብላችኋል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በሰፈራችን አንድ ወጣት ሳያነብ የመጀመሪያውን ተጭኖ፣ ስካን አድርጎ ያስቀመጠውን የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና የእናቱን ፎቶግራፍ አጥቷል። ዋናው ወረቀት በጉዞ ላይ ጠፍቶበት ስለነበር ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ስለዚህ የትምህርት ማስረጃ፣ የቃለ መጠይቅ ደብዳቤና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ካለ አስቀድሞ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ጄኔሬተሩ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ሳታውቁም መጫን አትጀምሩ። ከዊንዶውስ ጎን መጫን ፋይል ባለበት ማሽን ላይ ይሻላል፤ ቅጂው ግን ያኔም አይቀርም።

አማርኛ መጻፍን በተመለከተ፣ አይባስና ኤም17ኤን የተባሉት ጥቅሎች ከማከማቻው አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ይጫናሉ። ከዚያ በኋላ «ሴራ» የተባለውን የአማርኛ አጻጻፍ መርጣችሁ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብትመቱ «ሰላም» ይወጣል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ስለገባ፣ በዚህ መንገድ የጻፋችሁትን ውጭ አገር ያለ ዘመድ በስልኩ ያነበዋል።