ትምህርት፦ ስደተኛና የመምረጥ መብት



በአገር ቤት ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በየሰፈሩና በየሻይ ቤቱ የሚነሡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ስደተኛ በአገሩ ጉዳይ የመምረጥ መብቱን ያጣል ወይ? መብቱ ካለ ለምን መምረጥ አይችልም? ቢመርጥስ የስደተኛነት ከለላው ይቀርበታል ወይ? በዚህ ትምህርት ሦስቱንም በየተራ እንመለከታለን።

1. መብቱ ይጠፋል ወይ?

አይጠፋም። ሰው ድንበር ሲሻገር ዜግነቱን ጥሎ አይሄድም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ይደነግጋል። አንቀጽ 38 ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ይገልጻል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 25 ይህንኑ መብት ለዜጎች ይሰጣል፤ በቂ ምክንያት የሌለው ገደብም እንዳይደረግበት ይከለክላል።

2. ታዲያ እንቅፋቱ ምንድን ነው?

«በሕግ መሠረት» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጭ ሆኖ የሚመዘገብ ሰው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን እንዳለበት ደንግጓል። የ2013 ዓ.ም. ምርጫ የተካሄደው በዚህ አዋጅ ነው፤ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የምርጫ ጣቢያ አልተከፈተም።

ሌላም ችግር አለ። በኢትዮጵያ ሕዝቡ የሚመርጠው የየአካባቢውን እንደራሴ ነው፤ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። ስለዚህ ከጎንደር የመጣና ከጅማ የመጣ ሰው በአንድ መጠለያ ቢኖሩም ለሁለቱ የተለያየ የድምፅ መስጫ ወረቀት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሕግ አውጪዎች ከፈቀዱ የማይቻል አይደለም።

3. ጎረቤቶቻችን ምን አደረጉ?

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 82 በውጭ ያሉ ዜጎች የመምረጥ መብት ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ እንዲሆን ወሰነች። እ.ኤ.አ. በ2013 በዩጋንዳ፣ በታንዛኒያ፣ በሩዋንዳና በብሩንዲ የሚኖሩ ኬንያውያን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሮቹ ቁጥር 12 ደረሰ። በውጭ ያሉት የሚመርጡት ፕሬዚዳንቱን ብቻ ነው፤ የዕጩዎቹ ዝርዝር ለሁሉም አንድ ስለሆነ ሥራው ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2011 በተካሄደው የደቡብ ሱዳን ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ዩጋንዳን ጨምሮ በስምንት አገሮች ድምፅ ተሰጥቷል። ይህን ያካሄደው ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ነበር። በስደት ያለ ሕዝብ ድምፅ መስጠት እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

4. ከለላዬ ይቀርብኛል ወይ?

እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት እንደሚለው ስደተኛው በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ ከተመለሰ ከለላው ሊቋረጥ ይችላል። ለዚህም ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ በራሱ ፈቃድ ማድረጉ፣ ወደ ጥበቃው የመመለስ ሐሳብ መኖሩና ጥበቃውን በእርግጥ ማግኘቱ። ድምፅ መስጠት ብቻውን እነዚህን አያሟላም። ለመመዝገብ ተብሎ ከኤምባሲ ፓስፖርት ማውጣት ወይም ማሳደስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ አገር ጥበቃ እንደ መመለስ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የጥበቃ ክፍሉን ሠራተኛ አማክሩ።

5. መዝገብ ይቀመጣል

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ምዝገባውን የኤርትራን ዜግነት እንደ መያዝ ቆጠረው። ከእነዚህም መካከል ብዙዎች ኢትዮጵያዊነታቸውን ተነጥቀው ከአገር ወጡ። የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በ1997 ዓ.ም. የሁለቱም አገር ዜግነት እንደነበራቸው ወሰነ፤ ነገር ግን ቤተሰብ ከተበተነ በኋላ ነው።

ይህን የምናነሣው ሰውን ከምርጫ ለማስፈራራት አይደለም። ማንም ሰው ለማናቸውም ምርጫ ከመመዝገቡ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቅ፦

ሀ. የሚመዘግበው ማን ነው? በየትኛው ሕግ ነው?
ለ. ዝርዝሩ ማን ዘንድ ይቀመጣል? ለማን ይታያል?
ሐ. መመዝገብ ስለ ዜግነቴ ምን ያስረዳል?
መ. ካልተመዘገብሁ የሚቀርብኝ ነገር አለ? ራሽን የሚነካ ነው የሚል ሰው ካለ ለጥበቃ ክፍሉ አመልክቱ። ምርጫ በፈቃድ እንጂ በግዴታ አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

በየብሎካችሁ ተሰባስባችሁ ተወያዩ።

1. የስድስት ወር ነዋሪነት ግዴታ ተገቢ ነው ትላላችሁ? ተፈናቅሎ በአገር ውስጥ ላለ ሰውስ?
2. በስደት ያለ ኢትዮጵያዊ ይምረጥ ቢባል ለየትኛው ምርጫ ክልል ቢሆን ይሻላል? ለትውልድ ቦታው ወይስ ለመጨረሻ መኖሪያው?
3. የብሎክ ተወካዮቻችንን ስንመርጥ የሴቶችና የወጣቶች ድምፅ በእኩል ይሰማል? በአገር ደረጃ የምንጠይቀውን እዚህ እንሠራዋለን?