ቀዩ መድኃኒት ስንት ጊዜ ተሰጣት?

ኬንት፣ ኢስት ሂል። እትዬ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም እዚሁ ሲያትል አካባቢ ሠርተዋል። ጠያቂያቸው የጎረቤት ልጅ ነው። የእናቱ ሊምፎማ አገርሽቶ ሰኞ አዲስ ኬሞ ትጀምራለች። መድኃኒቶቿን በፌስታል ይዞ መጥቷል።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ ከካንሰሩ ይልቅ መድኃኒቱን ፈራሁት። «ኬሞው ልቧንና ኩላሊቷን ይጨርሰዋል» እያሉ ያስፈራሩኛል።

እትዬ፦ ጉዳቱ እውነት ነው፤ ግን አስቀድሞ ከታወቀ አብዛኛውን መቀነስ ይቻላል። በፍርሃት ሕክምናውን እንዳታስቀርባት። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አዲስ አበባ ስትታከም ቀዩን መድኃኒት ወስዳለች?

ወጣቱ፦ አዎ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። ሽንቷ ቀልቶ ሁላችንም ደንግጠን ነበር። ስድስት ጊዜ መሰለኝ የወሰደችው።

እትዬ፦ ዶክሶሩቢሲን ነው። ሽንቷን ያቀላው ቀለሙ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ይህ መድኃኒት የሚቆጠረው በዕድሜ ልክ ነው። የተጎዳ የልብ ጡንቻ በቀላሉ አይተካም፤ የዛሬው ጉዳት ከዓመታት በፊት በደረሰው ላይ ይደመራል። መጠኑ በሰውነት ስፋት ይሰላል፤ ለሊምፎማ በተለመደው ሕክምና በየዙሩ በካሬ ሜትር 50 ሚሊግራም ነው። ስድስት ዙር ከወሰደች 300 ደርሷል ማለት ነው። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከ450 እስከ 550 ባለው ውስጥ ያቆማሉ። 400 ላይ ከመቶ ሰው አምስት ያህሉን የልብ ድካም ሲይዝ፣ 550 ላይ ሩቡን ይይዛል ተብሎ ተጠንቷል።

ወጣቱ፦ እኛ እኮ ለዚህ አገር ሐኪሞች «አገር ቤት ታክማለች» ብቻ ነው ያልነው። ብዙ ካወራን አናክምም ይሉናል ብለን ፈራን።

እትዬ፦ ተው ልጄ! ሐኪሙ ካላወቀ ከዜሮ ሊቆጥር ይችላል። ካወቀ ግን መንገድ አለው። ሌላ መድኃኒት ይመርጣል፤ የግድ ከሆነም ዴክስራዞክሴን የሚባል ልብን የሚከላከል መድኃኒት አለ። ዛሬውኑ አገር ቤት ደውል፤ የሕክምና ወረቀቷን ፎቶ አንስተው ይላኩልህ። የመድኃኒቶቹ ስም፣ መጠኑና የዙሩ ቁጥር ይኑርበት። ደረቷ ላይ ጨረር ተሰጥቷት ከነበረም ይጻፍ፤ እሱም ልብን ይጎዳል። የደም ግፊት እንዳለባትም ንገር፤ ግፊቷ ከወዲሁ መስተካከል አለበት።

ወጣቱ፦ ልቧ አሁን መጎዳቱ በምን ይታወቃል? ደህና ነኝ ነው የምትለው።

እትዬ፦ በኢኮ። የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ አያምም። ልብ በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶ እንደሚገፋ ይለካል። ከ50 በታች ከወረደ ያሳስባል። ሰው ደህና ነኝ እያለ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ ቀድሞ ከተደረሰበት በልብ መድኃኒት የሚሻሻል ብዙ ነው። አሁን ምን ሊሰጧት ነው?

ወጣቱ፦ ሲስፕላቲን የሚባል አለበት።

እትዬ፦ እንግዲህ ይሄኛው ኩላሊት ላይ ነው። ኩላሊት መድኃኒቱን ሲያስወጣ ራሱ ውስጥ ይከማችበታል፤ ማግኒዚየምንም አጥቦ ያወጣል። ለዚህ ነው ከኬሞው በፊትና በኋላ የጨው ውሃ የሚሰቀልላት። ሰዓት ፈጀ ብላችሁ እንዳታማርሩ፤ ኩላሊቷን የሚጠብቀው እሱ ነው። በየዙሩ የኩላሊትን ሥራ በደም የሚያሳየውን ክሬቲኒን ይለካሉ። እናትህ ደግሞ ቀጭን ናት፤ ጡንቻ ያነሰው ሰው ኩላሊቱ ደክሞም ክሬቲኒኑ ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «ኩላሊቷ በምን አቅም ይሠራል?» ብለህ ጠይቅ። በል ፌስታሉን አምጣ።

(አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው፤ የግፊት ክኒን፣ ግማሹ ያለቀ የዳይክሎፌናክ ቅጠል፣ አይቡፕሮፌን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሽፈራው ዱቄት፣ ምንነቱ ያልተጻፈበት የደረቀ ቅጠል።)

እትዬ፦ ዳይክሎፌናኩና አይቡፕሮፌኑ ከሲስፕላቲን ጋር አይሆኑም፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ለሕመሟ ምን እንደምትወስድ ሐኪሙ ይንገራት። ሽፈራውንም ቅጠሉንም እንዳለ ውሰድና አሳያቸው። የባህል መድኃኒት ነው ብለህ አትፈር። ኩላሊት የሚያበላሹ ዕፅዋት አሉ፤ ስሙ የማይታወቅ ቅጠል ደግሞ ማንም ሊፈርድበት አይችልም።

ወጣቱ፦ ጾሙስ? ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም።

እትዬ፦ እሱን ከንስሐ አባቷ ጋር ጨርሱት፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም። በሲስፕላቲን ሰሞን ውሃ ሳይጠጡ መዋል ኩላሊትን ለጉዳት ማጋለጥ ነው። ትውከቱም እንደዚያው ውሃዋን ይጨርሰዋል፤ የትውከት መከላከያውን እስኪያቅለሸልሻት ሳትጠብቅ በታዘዘላት ሰዓት ትዋጥ።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ውሃ በብዛት ላጠጣት?

እትዬ፦ እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ኩላሊት ውሃ ይፈልጋል፤ የደከመ ልብ ግን የበዛ ውሃ አይችልም። ልኩን ሐኪሟ ይወስን። አንተ ሚዛን ግዛና ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ገብታ ከወጣች በኋላ መዝናት። በአንድ ቀን ሦስት ፓውንድ፣ በሳምንት አምስት ፓውንድ ከጨመረች ደውል። እግሯ ካበጠ፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራት፣ ሽንቷ ካነሰ፣ ጆሮዋ ከጮኸ፣ ውሃ በአፏ መያዝ ካቃታት፣ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ቀጠሮ አትጠብቅ።

ወጣቱ፦ ኩላሊቷ ቢደክምስ፣ እጥበት አለ ይላሉ።

እትዬ፦ አለ። ከሆስፒታል ውጭ ያለ የኩላሊት እጥበት ማዕከል በዓለም መጀመሪያ የተከፈተው እዚሁ ሲያትል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1962። ብዙ ሰው አትርፏል። ግን በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ መዋልን ማንም አይመኝም፤ አስቀድሞ መጠበቅ ይሻላል። ሌላው ደግሞ፣ ሰኞ አንተ አታስተርጉም።

ወጣቱ፦ ለምን? እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው።

እትዬ፦ እንግሊዝኛህ አይደለም ችግሩ። እናትህ «እግሬ አብጧል» ስትል እንዳላስደነግጣት ብለህ ታሳጥረዋለህ፤ ሐኪሙ የተናገረውንም ታለሰልሰዋለህ። የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣችኋል፤ መብታችሁ ነው። ግን እስከ ሰኞ አትቆይ። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት ደውልና «እናቴ ከዚህ በፊት ዶክሶሩቢሲን ስድስት ዙር ሳትወስድ አልቀረችም፣ ወረቀቱ እየመጣ ነው፤ አዲሱን ከመጀመሯ በፊት ኢኮ ይታዘዝላት ወይ?» በል።