ሳንጠይቃቸው እንዳያልፉ



ያለ ሽቦ የሚሄደውን መልእክት አባቶቻችን «ንፋስ ስልክ» አሉት፤ ሰፈራችንም በዚሁ ስም ይጠራል። ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም. ታይታኒክ የተባለችው ታላቅ የመንገደኞች መርከብ ሰጥማ ከ1,500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከ700 በላይ የሚሆኑት የተረፉት ካርፓቲያ የተባለችው መርከብ ጥሪውን በንፋስ ስልክ ሰምታ ስለ ደረሰች ነው።

ዋልተር ሎርድ የተባለ አሜሪካዊ በልጅነቱ በታይታኒክ እኅት መርከብ በኦሊምፒክ ተሳፍሮ ነበር። የመርከቦቹ ፍቅር ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። ካደገ በኋላ ከአደጋው የተረፉትን ከ60 የሚበልጡ ሰዎች እየፈለገ ጠየቀ፤ የነገሩትንም አመሳክሮ በ1948 ዓ.ም. መጽሐፍ አወጣ። ከተረፉት የመጨረሻዋ በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የብዙዎቹ ቃል ግን ዛሬም ይነበባል።

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም የጻፈው በዐይናቸው ካዩት ሰዎች የደረሰውን በጥንቃቄ ተከታትሎ ነው።

እኛስ? ቤተ ክርስቲያናችን ስትሠራ ድንጋይ የተሸከሙ አንድ አባት ነበሩ። «ከፋሲካ በኋላ እንጠይቃቸዋለን» ስንል ዐረፉ። የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው ተቀበረ። ጥፋቱ የእኛ ነው። እንግዲህ በሚመጣው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ደብተርና እርሳስ ይዘን ወደ ቀሩት አባቶችና እናቶች እንሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።