ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ

ጥያቄ፦ የሱቄን የግዢ ደረሰኞች በፌስታል አጠራቅሜ ለሒሳብ ባለሙያዬ እሰጣለሁ፤ አንዳንዱን በቴሌግራም እልካለሁ። እሱ ግን ሁሌ ያማርራል። ለምን?

መልስ፦ እውነቱን ነው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በቀለም አይታተምም፤ ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ነው። ፀሐይ፣ ሙቀትና አንዳንድ ፕላስቲክ ጽሑፉን ያጠፉታል። ሐምሌ ላይ ፌስታሉ ሲፈታ ነጭ ወረቀት የሚወጣው ለዚህ ነው። ያኔ በእውነት ያወጡትን ወጪ ማስረዳት ያቅትዎታል። ስለዚህ በተቀበሉበት ዕለት ፎቶ ያንሱት፤ ዋናውን በየወሩ ለይተው በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡ። በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» አድርገው ይላኩ። በፎቶ መልክ ከላኩት መተግበሪያው ጥራቱን ስለሚቀንሰው የቲን ቁጥሩ ይደበዝዛል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ከሆኑ ደግሞ ግብር ለማሳወቅ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለኝ ብለው አይዘናጉ፤ የደበዘዘውን ደረሰኝ ከሻጩ ጋር ማጣራት ጊዜ ይፈጃል።