የተጣለች አህያ ባለቤቷ ማን ነው?



እዚሁ ቀራንዮ ውስጥ ከሱብሒ ሰላት ስመለስ ቦይ አጠገብ የቆመች አህያ አየሁ። ጀርባዋ ገጣባ፣ የኋላ እግሯ ያበጠ፣ የጎድን አጥንቷም ከሩቅ የሚቆጠር ነበር። ለወፍጮ ቤት እህል ስትሸከም ኖራ አቅም ሲያንሳት የተለቀቀች መሆኗ ያስታውቃል። ሁለት ቀን «ታሳዝናለች» እያልኩ አለፍኳት። በሦስተኛው ቀን ግን አፈርኩና ወደ ግቢዬ ወሰድኳት።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ሰበብ መቀጣቷን፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ የቀዳ ሰው ደግሞ ምሕረት ማግኘቱን ነግረውናል። ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ግመል ባዩ ጊዜም በእነዚህ አንደበት በሌላቸው እንስሳት ጉዳይ አላህን እንድንፈራ አዘዋል። እርሳቸው ራሳቸው ዑፈይር በሚባል አህያ ላይ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልን ከኋላቸው ማፈናጠጣቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ታዲያ እኛ የአህያን ስም ስድብ ያደረግነው ከማን ተምረን ነው?

ማዘን ብቻውን እንደማያድን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለተራበች አህያ በደግነት እህልና ፉርሽካ ብከምርላት ኖሮ በሆድ ቁርጠትና በሰኮና ሕመም እጎዳት እንደነበር የእንስሳት ሐኪሙ ነገረኝ። ንጹሕ ውሃና ገለባ ወይም ድርቆሽ ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ ደጋግሞ መስጠት ይገባል። ቁስሏን የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ሥቃይ መጨመር ነው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ጥቂት ጨው በገባበት ውሃ ማጠብና ዝንብ መከላከል ይሻላል። ያረዘመ ሰኮናዋንና ጥርሷን፣ የሆድ ትሏንም ሐኪም ይመልከት። የምታንጠባጥብ፣ የምትናከስ ወይም አኳኋኗ የተለወጠ እንስሳ ከሆነች ግን በሽታው የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እጅን ወደ አፏ ማስገባት አይገባም።

በሁለተኛው ወር አንድ ወጣት በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ አህያዋ የኔ ናት። የገለባው ዋጋ ቢያቅተኝ ነው የለቀቅኳት እንጂ ጠልቻት አይደለም» አለኝ። እውነቱን ልናገርና ተቆጣሁ። «ስትሞት የት ነበርክ?» ብዬ መለስኩት።

ማታ ነገሩን ለመስጊዳችን ኡስታዝ አቀረብኩ። ባለቤቱ ሊቀልባት አቅቶት የተዋትን እንስሳ ወስዶ ነፍስ የዘራባት ሰው የእርሱ ትሆናለች የሚል ሐዲስ በአቡ ዳውድ እንደሚገኝ ነገሩኝ። ኢማሙ አሕመድ በዚህ ሄደዋል። ኢማሙ ማሊክ ለባለቤቷ ትመለሳለች፣ ወጪውን ግን ይተካል ብለዋል። በሀገራችን ብዙዎቻችን በምንከተለው በሻፊዒ መዝሀብ ግን ባለቤትነቱ አይጠፋም፤ የረዳት ሰው ያወጣው እንደ በጎ ፈቃድ ይቆጠራል። እንስሳውን መቀለብ ግን በባለቤቱ ላይ ግዴታ ነው፤ ካልቻለ ይሽጥ ወይም ግጦሽ ወዳለበት ይልቀቅ፣ እምቢ ካለም በሕግ ይገደዳል። «ቦይ ዳር መጣል ግን መልቀቅ አይባልም» አሉኝ።

ይህን ስሰማ ቁጣዬ በረደ። ያ ወጣት ችግረኛ ነው፤ የሸክሙን ዋጋ ስንከራከረው የነበርነው ደግሞ እኛው ነን። አህያዋን መለስኩለት። ቁስሏ እስኪደርቅ እንዳይጭናት፣ ቀለብ ሲያጥረውም ወደ ቦይ ሳይሆን ወደ እኔ እንዲመጣ ተስማማን። የአንድ ወር ገለባም ከጎረቤቶች ጋር አዋጥተን ሰጠነው።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ተዘግቷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወስነዋል። መልካም ነው። ይሁንና ለቄራ ስትነዳ የጮህንላት አህያ በየሰፈራችን ቦይ ዳር ስትሞት ዝም ካልን፣ ጩኸታችን ለአህያዋ ነበር ወይስ ለራሳችን ስሜት?

በየመስጊዱ ጀመዓ ከሶደቃው ጥቂቱን ለችግረኛ ባለ አህያ ገለባ ብናውል፣ ወጪው ከአንድ የሰርግ ድግስ አይበልጥም። እንስሳን ማዳን የሚጀምረው ከተጣለ በኋላ ሳይሆን ባለቤቱ ለመጣል ሲገደድ ነው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።