ስለ ጓሳ ምድር አጠባበቅና ከእርሱ ስለሚገኘው ጥቅም

በመንዝ ምድር፥ ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን፥ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ብርዱ የጸና ስለ ሆነ ለእህል እምብዛም አይመችም፤ ስለዚህ ላላወቀው ሰው ጠፍ መሬት ይመስለዋል። የመንዝ ሰው ግን ከአባቶቹ ጀምሮ እንደ ጎተራ ሲጠብቀው ኖሯል።

ስሙ ጓሳ የተባለው ሣር በላዩ ስለሚበቅል ነው። ሰው ቤቱን የሚከድንበት፥ ገመድ የሚገምድበት፥ ከዝናብም የሚጠለልበትን ገሳ የሚሠራበት ሣር ከዚያ ይታጨዳል። ለማገዶ የሚሆነው ጨረንፌም ከዚያው ይለቀማል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውሃው ነው፤ ሣሩ ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚለቀው ምንጮች ይፈልቃሉ፤ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ወደ ዓባይ፥ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ለመጠበቅ የመንዝ አባቶች በ17ኛው መቶ ዓመት ቄሮ የሚባል ሥርዓት ሠሩ። ምድሩን አስቦና ጌራ ብለው ለሁለት ከፍለው፥ ለየክፍሉ በሕዝብ የተመረጠ አለቃ አቆሙለት። ሣሩ በሚገባ እስኪያድግ ድረስ ምድሩ አንዳንድ ጊዜ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘጋ ነበር። ሣሩ መድረሱ ሲታወቅ በበጋ ቀን ተቈርጦ ለሕዝቡ ይነገርና ሁሉም በአንድነት ገብቶ ያጭድ ነበር። ከቀኑ አስቀድሞ በስውር የገባ ሰው ይቀጣ ነበር፤ የአንዱ ስስት የሁሉን ቤት ክዳን ያሳጣልና።

በ1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ከርስት ጋራ የተያያዘው ይህ ሥርዓት ፈረሰ። ጠባቂው በታጣ ጊዜ ሁሉም በየፊናው እየገባ ያጭድና ከብቱን ያሰማራ ስለ ነበረ ሣሩ ተመናመነ። ሽማግሌዎቹ ግን የቀድሞውን ሕግ አልረሱም ነበርና፥ በኋላ ሕዝቡ ኮሚቴ አቋቁሞ የመዝጋትንና የመክፈትን ልማድ መለሰ። ሥርዓቱ በአዲስ መልክ ቢቆምም መሠረቱ የቀድሞው ነው።

ሣሩ በመጠበቁ አራዊቱም ተጠበቁ። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው፥ ቍጥሩም በጠቅላላው ወደ 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ በዚያ ይኖራል። ጭላዳም በመንጋ ሆኖ ሣሩን ይግጣል። ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን፥ ብቻውን ከሚያድነው ይልቅ እንደሚቀናው ሊቃውንት በዚያ ምድር ተመልክተው አስረድተዋል። ይህን ለማየት ከሩቅ አገር ሳይቀር እንግዶች ይመጣሉ። መግቢያ ይከፍላሉ፤ በሕዝቡ ማረፊያ ቤት ያድራሉ፤ መንገድ መሪውና ጠባቂው፥ በቅሎ አከራዩም የዚያው አገር ልጆች ስለ ሆኑ ደመወዝና ኪራይ ያገኛሉ።

ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የእንግዳ ገንዘብ ተጨማሪ ሲሳይ ነው እንጂ መሠረት አይደለም። በ2012 ዓመተ ምሕረት ወረርሽኝ በዓለም ሁሉ ጎብኚን በያገሩ ባስቀረ ጊዜ፥ በእንግዳ ብቻ ይተዳደር የነበረ ሁሉ ተቸገረ። ጦርነትም ሲነሣ መንገድ ይዘጋል። ሣሩና ምንጩ ግን እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ለባለአገሩ ይሠራሉ። እንግዳ የሚመጣው ምድሩ ስለ ተጠበቀ ነው፤ ምድሩ የሚጠበቀው ግን ስለ እንግዳ ብቻ ሊሆን አይገባም። ይህን ያልለየ ሕዝብ ጎብኚ በቀረ ጊዜ ምድሩን ለመጥረቢያና ለማጭድ አሳልፎ ይሰጣል።

ስለዚህ መምህራን ልጆቹን ወደ ሰፈራቸው የግጦሽ መሬት ወስደው ይህን ትምህርት ያስረዱ፤ ሽማግሌዎችም የየአገራቸውን የመሬት አጠባበቅ ሕግ ይንገሯቸው። ያልተነገረ ሕግ ከሽማግሌው ጋራ ይቀበራልና።

ጥያቄ።
1. የጓሳ ምድር ለብዙ ዓመት መዘጋቱ ለሕዝቡ ምን ጠቀመው?
2. በ1967 ዓመተ ምሕረት ሥርዓቱ ከፈረሰ በኋላ ሣሩ ስለ ምን ተመናመነ?
3. የእንግዳ ገንዘብ መሠረት አይደለም የተባለው ስለ ምን ነው?
4. በእናንተ አገር በጋራ የሚጠበቅ ምድር ወይም ምንጭ አለን? ሕጉስ ምንድን ነው?